ሽማግሌዎች የመከሩበት ሶፍትዌር

እኔ ቁጭ ማለት የማልችል ሰው ነኝ። ሻይ ቤት ገብቼ ያዘዝኩት ሻይ እስኪመጣ ወንበር እቀያይራለሁ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ መልሼ እከፍታለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ወይ ይወርዳል ወይ ይጣላኛል። እናቴ በሕይወት ሳለች «ይሄ ልጅ ተኝቶ እንኳ የሆነ ቦታ የሚሄድ ይመስላል» ትል ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ የሚመጣውን ጣጣ በዕድሌ ወይም በሰይጣን እንዳታሳብቡ ብዬ ነው። ያመጣው ጣቴ ነው።

ነገሩ የእህቴ ሰርግ ነው። እህቴ አስቴር ጋሞ ደጋ ላይ ገረሴ ትኖራለች፣ እዚያው ሁለታችንም ተወልደን ባደግንበት ቤት። እኔ አርባ ምንጭ ሆኜ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሰርጉ ሲቃረብ ደወለችልኝና አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ።

«ወንድሜ፣ ልብሱም ድንኳኑም እንደሆነ ይሁን። ከቤት ስወጣ ጸጥ እንዳይልብኝ ብቻ አደራ።»

ምክንያት አላት። አንዲት የዘመዳችን ልጅ ስትዳር ሙሽራዋ ከበር ብቅ ባለችበት ቅጽበት ሙዚቃው ድርግም አለ። ምስኪኗ ከበሩ እስከ ድንኳኑ ያለውን መንገድ በጄኔሬተር ጩኸት ታጅባ ሄደች። መሐል ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ማን እንደሳቀ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ሳቁ ግን እስከ ዛሬ በገረሴ ይወራል። ያን ቀን ቬሉን ይዛ ከኋላ ስትከተል የነበረችው ሚዜ አስቴር ናት። ከዚያ ወዲህ ሰርግ ላይ ዘፈን ሲቀየር ሙዚቃው ትንሽ እንኳ ከተቋረጠ ፊቷ ይለዋወጣል።

«ጸጥ ቢል ተመልሼ ቤት ነው የምገባው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ቤተሰቡ ከአርባ ምንጭ አንድ የሲቀላ ሰፈር ዲጄ አነጋግሮ ጨርሶ ነበር። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስሙ የታወቀ፣ መዝሙሩንም ባህላዊውንም የሚችልበት። ነገሩን ለሱ ትቼ ቁጭ ብል ምን ነበረበት? ቁጭ ማለት የማልችል መሆኔን ነገርኳችሁ። ገረሴ ወጥቼ ዘመድ በተሰበሰበበት ተነሣሁና «እኔ እያለሁ ለምን ለሌላ ሰው?» አልኩ። ድምፅ ሞገድ መሆኑን በየዓመቱ ለተማሪዎች ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስረዳለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ሙዚቃ ማጫወት እንዴት ያቅተዋል? «ደግሞስ ለኪራይ ከምናወጣ የራሳችንን ማሽን እንግዛ። ዛሬ ለአስቴር፣ ነገ ለሌላው፣ በዘመድ ሰርግ ሁሉ ይዞራል።»

አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤቱ ትልቅ ሰው ታናሽ ወንድሙ ጋሽ ኦይቻ ናቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ በዕድሜ ብቻ ሳይሆን በሥራም። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ድንበር የተገፋፋ የሚዳኙ ሰው ናቸው። በትኩረት አዩኝ።

«የሁላችን ነው የሚሆነው?»

«የሁላችን ነው፣ ጋሼ።»

ከጨንቻም ከቦንኬም ያለ ዘመድ አዋጣ። ዲጄው ልጅ ተሰናበተ። እኔ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ ሚኒባሱ ውስጥ መስኮቱን አንዴ እንኳ አልነካሁም፤ እንዲያ ነበር ደስታዬ።

ከዚያ መምረጥ የሚባል በሽታ መጣ። እኔ ዲጄ ማለት ጆሮ ላይ ማዳመጫ አድርጎ አንገት መነቅነቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ መጀመሪያ ሶፍትዌር መምረጥ አለ፤ ለሶፍትዌሩ ፈቃድ ማውጣት አለ፤ ለፈቃዱ የሚስማማ ማሽን መፈለግ አለ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኮምፒዩተር የሚያስተምረው ተስፋዬ አማካሪዬ ሆነ። አንዱን ጫንኩ። ለሙከራ በነጻ ነው ተባልኩ፤ ደስ አለኝ። ጥሩ አድርጎ ሲያጫውት ቆይቶ ዘፈኑ ሞቅ ባለበት ቦታ ላይ ጸጥ አለ። ፈቃድ አምጣ የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። እህቴ የምትፈራውን ጸጥታ ሰዎቹ በደንብ አስበውበት ውስጡ ሠርተው አስቀምጠውታል! አጠፋሁት።

ሌላ ጫንኩ። ይሄኛው አይሸጥም፣ በየወሩ ይከራያል። ሙዚቃ ማጫወቻ እንደ ቤት ሲከራይ ያየሁት ያኔ ነው። ኪራዩን በካርድ ክፈል ይላል። እኔ ኪሴ ውስጥ ያለኝ ካርድ የመብራት ቆጣሪ ካርድ ነው። ተስፋዬን ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ጠመኔውን አንሥቶ ወደ ክፍል ገባ።

ከዚህ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። አንዱን ጭኜ ሌላውን አጠፋለሁ፤ ያጠፋሁትን ይቆጨኝና መልሼ እጭናለሁ። ክፍል ውስጥ ስለ ፍጥነት እያስተማርኩ በሐሳቤ ስለ ፈቃድ እሟገታለሁ። አንዱ ሶፍትዌር ማሽኑን አይቀበለውም፤ ማሽኑን የሚቀበለው ሶፍትዌር ደግሞ ኮምፒዩተሬን ንቆታል። በመጨረሻ ተስፋዬ አንድ መንገድ አሳየኝ። አንዳንድ ማሽን ሲገዛ የሶፍትዌሩ ፈቃድ አብሮ ሳጥኑ ውስጥ ይመጣል፤ አንዴ ከተመዘገበ በቃ። «እንዲህ ያለ ማሽን ፈልግና እኔንም አሳርፈኝ» አለኝ።

ሲቀላ የከድር ሱቅ ውስጥ አገኘሁት። ከድር ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል፤ አባቱም እዚያው ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ማሽኑ በጁስ መፍጫና በቴሌቪዥን ሪሲቨር መካከል ተቀምጧል፤ ሁለት ክብ ሳህን የሚመስል ነገር አለው፣ መሐሉን ቁልፍ ሞልቶታል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲጄ ነው።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይበራል» አለኝ ከድር፣ ሰካውም። እውነትም በራ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ባጃጅ ነጂዎች ሳይቀሩ ቆመው አዩ። «መምህር፣ ወላሂ አልዋሽህም፤ ውስጡን ሠሪው ያውቃል። ግን ፈቃድ ያለው ዕቃ ነው። ፈቃድ የሌለው ዕቃ ሱቄ አይገባም።»

ሳጥኑን ከፍቼ ካርዱን አየሁ፣ እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቅ። እዚያው ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከደስታዬ ብዛት ከድርንም ሰርጉ ላይ ጠራሁት።

ቤት ገብቼ ቁጥሩን ፍቄ አስገባሁ። መሐል ላይ ስምምነት የሚባል ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ ከታች «እስማማለሁ» የሚል ቁልፍ አለ። ዓይኔን ሳላሽ ተጫንኩት። መቼም ያን ጽሑፍ ያነበበ ሰው አይቼ አላውቅም። የጻፈውም ሰው አንብቦታል ብዬ አላምንም። ማሽኑ ሠራ፣ መዝሙሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ሄደ። ተስፋዬ መጥቶ ሰማና «በቃ፤ አሁን ኢንተርኔቱን ዝጋው። እስከ ሰርጉ ምንም ነገር አትንካ። ገባህ? ምንም!» አለኝ።

ይህን ለእኔ ማለት እከክ ላለበት ሰው አትከክ እንደማለት ነው።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ገረሴ ጉም ለብሳለች። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ስፒከሩ ተሰቅሏል፣ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ይበራል። ሁሉም ነገር ዝግጁ ስለሆነ የምሠራው አጣሁ፤ ያ ነው ያጠፋኝ። ላፕቶፔን ታቅፌ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከቤታችን በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ። ለምን? አላውቅም። ስልኬ ኔትወርክ ሲያገኝ ላፕቶፑም በሱ በኩል አገኘ። «አዲስ ስሪት አለ፤ አሁን ይታደስ ወይስ በኋላ?» የሚል ጥያቄ መጣ። እንግዲህ አስቡት፤ «በኋላ» የሚል ቁልፍ እኔ በሕይወቴ ተጭኜ አላውቅም። «አሁን»ን ተጫንኩ። ልክ ጭኖ ሲጨርስ ስልኬ ጮኸ። ተስፋዬ ነው፤ መልእክቱ ሌሊት ተልኮ ያኔ መድረሱ ነው። «አደራህን፣ እንዳትነካ» ይላል።

ወርጄ ከማሽኑ ጋር አገናኝቼ ስከፍተው ያ ረጅም ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። የስምምነቱ ቃል ስለተለወጠ እንደገና ይስማሙ ይላል። ሳይስማሙ አይከፈትም። እፎይ ብዬ ጣቴን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ።

«ምን ይላል?»

ጋሽ ኦይቻ ናቸው፤ «የሁላችንን ማሽን» ሊያዩ መጥተው ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምንም አይደል፣ ጋሼ። ተስማማ ነው የሚለው።»

«በምን?»

«በተጻፈው።»

«ምን ተጽፏል?»

ጽሑፉን ወደ ታች ገፋሁት፤ ማለቂያ የለውም።

«ሳታውቀው ልትስማማ ነው?»

«ሰው ሁሉ ሳያነበው ነው የሚስማማው፣ ጋሼ።»

ትኩሳት እንዳለብኝ ሁሉ ግንባሬን አዩት። «የራስህ ብቻ ቢሆን ዝም እልህ ነበር። የሁላችን ነው አልከኝ። የሁላችንን ነገር አንድ ሰው ብቻውን እሺ አይልም።» ይህን ብለው ላፕቶፑን ከነገመዱ ብድግ አደረጉና ከቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው ሜዳ ሄዱ። ገመዱ እንዳይበጠስ እኔም፣ ማሽኑም፣ ረጅሙ የስፒከር ገመድም ተከተልን።

ያ ሜዳ ዱቡሻ ነው። እኛ ጋሞዎች የጋራ ጉዳይ ሲኖር ሣሩ ላይ ተቀምጠን የምንመክርበት ቦታ ነው። እዚያ የተናገሩት ቃል አይታጠፍም፤ ደግሞም ሁሉም ተናግሮ፣ ሁሉም ሰምቶ፣ ሐሳብ አንድ ካልሆነ ማንም አይነሣም። ጋሽ ኦይቻ ላፕቶፑን ሣሩ ላይ አስቀመጡ። ድንኳን ውስጥ የነበረው ሽማግሌ ሁሉ መጥቶ ዙሪያውን ተቀመጠ። እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። «አንብብ» አሉኝ።

ስልክህን በቀጥታ ከስፒከሩ ጋር አታገናኘውም ነበር ወይ? ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያሰብኩት ሰርጉ ካለፈ በኋላ ነው።

ከእንግሊዝኛ ወደ ጋሞኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩ። ላብ ይወርደኛል፤ ጉብታው ሥር ካለው መንገድ የሙሽራው አጀብ ጥሩምባ መሰማት ጀምሯል።

«ዕቃው ቢያጠፋብን አይክሱንም?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አይክሱም።»

«እኛ ብናጠፋባቸውስ?»

«እንክሳለን።»

ተያዩ። «ጠብ ቢነሣ የት ነው የምንዳኘው?»

«በእነሱ አገር።»

«ለአንድ ዘፈን?» አሉ ሽማግሌው። ቀጥል አሉኝ። የመጨረሻውን ባላነብ ምን ነበር! አነበብኩት። ይህ ፈቃድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለሌላ ማዋስ፣ ማከራየት፣ ማስተላለፍ አይቻልም።

ሜዳው ተናወጠ። ከቦንኬ የመጣው ዘመዳችን ብድግ አለ። «የእኔ ልጅ ሰርግ መጪው ጥር ነው! ይዞራል ተብሎ አይደል ያዋጣሁት?» የጨንቻው እሱን አቋርጦ ጮኸ። ሌላው የጨንቻውን አቋርጦ ጮኸ። እኔ በዚህ መሐል ጣቴን ወደ ቁልፉ ሳሾልክ ጋሽ ኦይቻ በከዘራቸው እጄን ነካ አደረጉኝ፤ ቀስ ብለው፣ ግን በከዘራ።

«ቁልፉ ስንት ነው?» አሉ።

«ሁለት። አንዱ እስማማለሁ፣ አንዱ አልስማማም።»

«ሦስተኛ የለውም? እንነጋገርበት የሚል?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

ሽማግሌዎቹ ከልባቸው አዘኑ። እንነጋገርበት የማይል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? «ደግሞ ባለቤቱ በሌለበት እንዴት ይመከራል? በሱ ስም የሚናገር አንድ ሰው ይቁም» ተባለ። የሰው ዓይን ሲዞር ሲዞር ድንኳን ውስጥ ለስላሳ በያዘው ከድር ላይ አረፈ። ዕቃውን የሸጠው እሱ ነው።

«እኔ? ኧረ እኔ እንግዳ ነኝ! ሪሲቨር ነው የምሸጠው!» አለ። አልተሰማም። ሣር ላይ አስቀመጡትና ቃል በቃል ነገሩት፤ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ስለሆነ ጋሞኛውን በደንብ ይሰማል። መጀመሪያ ተንተባተበ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሞቀው። ከአፍታ በኋላ ኩባንያውን ራሱ ያቋቋመው ይመስል በአማርኛ ይከራከርልኝ፣ ይቅርታ፣ ይከራከርብኝ ጀመር።

«አባቶቼ፣ እናንተ ዛሬ ልጃችሁን ለአንድ ሰው ነው የምትድሩት ወይስ ለሰፈር? እኛም ለአንድ ሰው ነው የሰጠነው! ዛሬ ጨንቻ፣ ነገ ቦንኬ እያለ የሚዞር ከሆነ እኛ ልጃችንን ማን እንዴት እንደያዛት በምን እናውቃለን?»

«እኛ» አለ! ሽማግሌዎቹ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ጥሩ ተናገረ ተባለ። የቦንኬው ዘመዳችን ብቻ በንዴት «እንግዲያው ያዋጣሁትን መልሱልኝ» ብሎ ጮኸ፤ ከድር በኩባንያው ስም ጮኸበት፤ ከዚያ ማን በማን ላይ እንደሚጮህ አልለይ አለ። የአጀቡ ጥሩምባ ደጃፉ ላይ ደረሰ።

በዚህ ሁሉ መሐል የቤቱ በር ተከፈተና አስቴር ወጣች።

ቬሉን በአንድ እጇ ሰብስባ ቆመች። አደራዋን በላሁ ብዬ ዓይኔን ወደ መሬት ጣልኩ። ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ፤ ጸጥ አላለም! በገረሴ ምድር እንዲህ ባለ ሁካታ መሐል ከቤት የወጣች ሙሽራ የለችም። የሚሟገተው ይሟገታል፣ ጥሩምባው ይነፋል፣ ከድር ስለ ልጃችን ይጮኻል። አስቴር መጀመሪያ ወደ ድንኳኑ አየች፣ ከዚያ ወደ እኛ፣ ከዚያ ሣር ላይ ወደሚበራው ማሽን። ቬሏን እንደያዘች በመሐላችን መጣችና ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«ምንድን ነው የሚለው?»

ጋሽ ኦይቻ ነገሯት። አንድ ሰው ብቻ፣ አለማዋስ፣ አለማስተላለፍ።

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቃል?» አለች አስቴር። «ማሽኑን አታውሱት። ያ አንድ ሰው ወንድሜ ይሁን። ማሽኑ የተጠራበት ሰርግ ሁሉ እሱ ይዞት ይሂድ። ቁጭ ማለት እንደሆነ አይችል!»

ሽማግሌዎቹ ሐሳቡን አገላብጠው አዩት፤ ከሁሉም በኩል ልክ ነበር። ለቦንኬው ሰርግ ማሽኑ ይደርሳል። ለኩባንያው ቃሉ ይጠበቃል። ከድር ተነሣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «በኩባንያው ስም ተቀብያለሁ» አለ። «እኔስ?» ብዬ ነበር፤ ድምፄን የሰማው የለም። እርጥቡ ሣር እጄ ላይ ተደረገ፣ ተመረቅኩ። ጋሽ ኦይቻ በከዘራቸው ወደ ቁልፉ አመለከቱኝ።

«አሁን ተስማማ።»

ተጫንኩት። መዝሙሩ ስፒከሩን ሞልቶ ፈነዳ፤ አስቴር ፈገግ ብላ ቬሏን ለቀቀችና ወደ ድንኳኑ ሄደች። ሙሽራው ሲያያት አለቀሰ። በጥሩምባውም፣ በመዝሙሩም፣ በሰውም ጩኸት ማንም ሲስቅ አልሰማሁም።

ከድርን በሌላ ቀን ሱቁ አገኘሁትና ስለ ስልኩ አነሣሁበት። በስልክ ማጫወት ይቻል እንደነበር ያኔውኑ አስቦት ኖሯል። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «እንዴት ልንገርህ፣ መምህር? እኔ እኮ የኩባንያው ሰው ነበርኩ» አለኝ ኮስተር ብሎ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ መንገድ ላይ ነው። ማሽኑን በጋቢ ጠቅልዬ ታቅፌ ዛሬ ቦንኬ፣ ሌላ ቀን ጨንቻ። መንቀሳቀስ የምወድ እኔ መንቀሳቀስ ሰለቸኝ፤ እንዲህ የሚሆን አይመስለኝም ነበር። አንድ የአክስቴን ልጅ አሠልጥኜ ልገላገል ብሞክር ጋሽ ኦይቻ ሰሙ። «ማስተላለፍ አይቻልም» አሉኝ፤ «ተስማምተናል።» ያን ረጅም ጽሑፍ ቃል በቃል የሚያከብር ሕዝብ ከዓለም ቢፈለግ የእኛ ዘመዶች ብቻ ይመስሉኛል። የጻፈው ሰው ይህን ቢሰማ ደንግጦ ሦስተኛ ቁልፍ ይጨምርበት ነበር።

አሁን ደግሞ እኔ ራሴ ላገባ ነው። እጮኛዬ የትምህርት ቤታችን የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ እንደ እኔ አትቅበጠበጥም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ባለፈው ገረሴ ወጥቼ ለጋሽ ኦይቻ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው፣ መረቁኝ። እኔም ቀለል አድርጌ «እንግዲህ ለዚህኛው ሰርግ ያንን የሲቀላውን ዲጄ እናነጋግረው» አልኩ።

ጋሽ ኦይቻ በመገረም አዩኝ።

«አንተ እያለህ ለምን ለሌላ ሰው?»

ያቺ ቃል ከማን አፍ እንደወጣች ሁለታችንም እናውቃለን። ቤት ስገባ ለአስቴር ደወልኩላት፤ እሷ ናት የፈረደችብኝ፣ እሷ ታስፈታኝ ብዬ። እኔ ከጠረጴዛው ተነሥቼ ሙሽራዬን ይዤ ስገባ ማሽኑን ማን ይነካዋል? ብዬ ጠየቅኳት።

አስቴር እስኪበቃት ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

«እንግዲህ አንተ ስትገባ ጸጥ ይላል፣ ወንድሜ» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ተነሣሁ። መስኮቱን ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ መልሼ ተቀመጥኩ።